ያልሰማሁትን ባዶ ተውኩት

ለመሆኑ የክፍለ ከተማችንን ስም ቆም ብላችሁ አዳምጣችሁት ታውቃላችሁ? «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» ብለን መታወቂያ እናወጣለን፣ ፎርም እንሞላለን፣ ለታክሲ እንሰለፋለን። ስልኩስ ይሁን፣ ንፋስን ከስልክ ጋር ምን አገናኘው? ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞ ሰው ሽቦ ሳይዘረጋለት ወሬ የሚያደርሰውን መሣሪያ ሲያይ «የነፋስ ስልክ» አለው። ፈረንጅ «ዋየርለስ» የሚለውን ማለት ነው። የሰፈሩ ስም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። እኔ ደግሞ በዚሁ ክፍለ ከተማ ብስራተ ገብርኤል ነው የምኖረው። ብስራት የምስራች ነው፤ ገብርኤል አብሳሪው መልአክ ነው። እንግዲህ አድራሻዬ ሲተረጎም «በነፋስ ስልክ፣ ከምስራች ነጋሪው አጠገብ» ሊባል ነው። ጋዜጠኝነት ለምትማር ልጅ ከዚህ የተሻለ አድራሻ ከወዴት ይመጣል?

ቀልዱን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዚህ ጽሑፍ የማወጋችሁ ስለ አንድ የእጅ መዳፍ ስለማይሞላ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያና ስለ አንድ ጎረቤታችን ነው። መሣሪያው የሞርስ አንባቢ ይባላል። ጎረቤታችን ደግሞ ዕድሜያቸውን በሞርስ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው ሳይስማሙ ሲቀሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከዚያ አለመስማማት ያገኘሁት ነገር ከሬዲዮ ይልቅ ለእኛ ሙያ የሚሆን መሰለኝና ብዕሬን አነሳሁ።

ሞርስ ምንድን ነው?

ለማያውቀው ላስረዳ፤ የሚያውቀው ይታገሰኝ። ሞርስ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ የመላኪያ ዘዴ ነው። አጭሩ ነጥብ፣ ረጅሙ ሰረዝ ይባላል። ኦፕሬተሮቹ ግን በአፋቸው «ዲ» እና «ዳ» ይሉታል። ሰረዙ የነጥቡን ሦስት እጥፍ ይረዝማል። በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉት ድምፆች መካከል የአንድ ነጥብ ያህል ዝምታ አለ። በፊደልና በፊደል መካከል የሦስት ነጥብ፣ በቃልና በቃል መካከል ደግሞ የሰባት ነጥብ ዝምታ አለ። ልብ በሉ፣ ዝምታውም የጽሑፉ አካል ነው። በደቂቃ 20 ቃል በሚላክበት ፍጥነት አንዷ ነጥብ 60 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ትቆያለች። ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ታልፋለች ማለት ነው።

ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር ዝነኛ መልእክቱን የላከው እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። የሥራ ባልደረባው አልፍሬድ ቬይል የትኛው የእንግሊዝኛ ፊደል አብዝቶ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ማተሚያ ቤት ሄዶ የእርሳስ ፊደላቱን ብዛት እንዳየ ይነገራል። ብዙ የሚሠራው ፊደል አጭር ምልክት እንዲደርሰው ነው። በዚህ ስሌት «ኢ» አንዲት ነጥብ፣ «ቲ» አንዲት ሰረዝ ደረሳቸው። እነዚህን ሁለት ፊደሎች ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣሉ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር የቴሌኮሙኒኬሽናችን መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያም ሽቦ የማይፈልገው ተከተለ። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻና በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ አዲስ አበባ በውጭ ጋዜጠኞች ተጥለቀለቀች። የዚያን ጊዜ ዘጋቢ ወሬውን የሚልከው በቴሌግራም፣ የሚከፍለውም በቃል ቁጥር ነበር። አንድ ቃል ባበዛ ቁጥር ገንዘብ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቃል ገጣጥሞ አንድ ማድረግ የሙያው ብልሃት ሆነ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በዚያ ጊዜ ለዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ሊዘግብ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። በጋዜጠኞቹ ላይ የተሳለቀበትን «ስኩፕ» የተባለ ልብ ወለዱን ያሳተመው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። የኛ ሙያና የሞርስ ቁልፍ ድሮም በአንድ ገበታ የበሉ መሆናቸውን ለማለት ያህል ነው።

«ታዲያ ዛሬ ማን ሞርስ ይልካል?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መርከቦች ለአደጋ ጥሪ ሞርስን መጠቀም እ.ኤ.አ. በ1999 አቁመዋል። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የግድ ሞርስ ይቻል የሚለው ዓለም አቀፍ ግዴታም እ.ኤ.አ. በ2003 ተነስቷል። ነገር ግን ግዴታው ሲነሳ ፍቅሩ ቀረ። አማተሮቹ፣ ማለትም ለደመወዝ ሳይሆን ለደስታቸው አየር ላይ የሚወጡት ሰዎች፣ ዛሬም በየማታው ይላላካሉ። ምክንያት አላቸው። የሰው ድምፅ በጫጫታ በሚዋጥበት ርቀት የሞርስ ፉጨት ቀጥኖም ቢሆን ያልፋል። የሚፈልገውም ኃይል ጥቂት ነው። በሀገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል የጥሪ ምልክት ከአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ግቢ በዓለም አየር ላይ ተሰምቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች «ኢ ቲ» ለኢትዮጵያ የተሰጡ ናቸው። በአውሮፕላኖቻችን አካል ላይ የምናያቸውም እነሱው ናቸው።

ጆሮ በፖስታ ሲመጣ

ጎረቤታችንን ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ከልክለውኛል። «ስሜን ብታወጪ ነገ የሰፈሩ ሰው በሙሉ የተበላሸ ሬዲዮውን ተሸክሞ ይመጣል» ነው ያሉኝ። በ1966 ዓ.ም. የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ ባሕር ኃይል ገቡ። ምጽዋ ላይ የሬዲዮ ኦፕሬተርነት ተምረው ለብዙ ዓመት እዚያው ሠሩ። ባሕር ኃይሉ ፈርሶ ሁሉም በየፊናው ሲበተን አዲስ አበባ መጥተው ሬዲዮና ቴፕ በመጠገን ልጆቻቸውን አሳደጉ። ዛሬ ከሰባ አልፈዋል። የግራ ጆሯቸው የለም ማለት ይቻላል። የቀኙ ወፍራም ድምፅ ይሰማል፣ ቀጭኑን ግን አያገኘውም። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር ከቀጭን ድምፅ ነው የሚጀምረው። የሞርስ ፉጨት ደግሞ ቀጭን ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ነገሩን በሌላ መንገድ ይገልጹታል። «እሱ እኮ ያልኩትን አይሰማም፤ ያላልኩትን ግን ይመልስልኛል» ይላሉ ቡና እየቀዱ። ጋሼም ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። ሰምተዋቸው ይሁን ሳይሰሟቸው እግዜር ይወቅ።

ጋሼ ለመላክ ፈቃድ የላቸውም፣ ፍላጎትም የላቸውም። ማዳመጥ ብቻ ነው ልማዳቸው። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ አማተሮቹ የሚገኙበትን ቦታ ፈልገው እንደ ሌላው ሰው ዜና ያዳምጡት ነበር። ጆሮው ሲደክም ይህ ቀረ። ሬዲዮው ዳንቴል ተነጠፈበት። ይህን የሰማው ውጭ ሀገር ያለ ልጃቸው ባለፈው ገና በሰው እጅ አንድ ነገር ላከ። ከሲጋራ ፓኮ ትንሽ ከፍ የሚል ሳጥን ነው። ሁለት መስመር የምታሳይ ስክሪን አለችው። ሬዲዮው ፊት ሲያስቀምጡት የሰማውን ሞርስ በፊደል ይጽፋል። ጋሼ አገላብጠው አዩትና «ልጄ ጆሮ ገዝቶ ላከልኝ» አሉ። ደስታ ይሁን ኀዘን ከድምፃቸው ለመለየት አልቻልኩም። የስክሪኗ ጽሑፍ ደቃቃ ስለሆነ «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ደህና ነው፤ እያነበብሽ ጻፊልኝ» ተባልኩ። የኔ ሥራ እንዲህ ተጀመረ።

ሳጥኑ የማያውቀው ቃል

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ጋሼ በወረቀት ስለው አስረድተውኛል። መጀመሪያ ማይክሮፎኑ የገባውን ድምፅ በሙሉ ይቀበላል። ከዚያ በውስጡ ያለው ማጣሪያ ከአንድ የተወሰነ ቅጥነት ውጭ ያለውን ይጥላል። ይህ ቅጥነት ብዙ ጊዜ በሰከንድ 700 ንዝረት አካባቢ ነው። ያለፈው ድምፅ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ይመዘገባል። «አለ» የተባለው ስንት ሚሊ ሰከንድ ቆየ? አጭር ከሆነ ነጥብ፣ ረጅም ከሆነ ሰረዝ ነው። ዝምታውስ ስንት ቆየ? ረዘም ካለ ፊደሉ አልቋል። ከዚያ ሠንጠረዡን አይቶ ፊደሉን ስክሪኑ ላይ ያወጣል። የላኪውን ፍጥነትም እየተከታተለ ራሱን ያስተካክላል። ግሩም ነው!

ግሩም የሚሆነው ግን ላኪውም ማሽን ሲሆን ነው። በ14.100 ሜጋ ኸርዝ ላይ በዓለም ዙሪያ በተለያዩ ሀገሮች እንዲቆሙ የተመደቡ 18 የአማተር መፈተኛ ጣቢያዎች አሉ። እያንዳንዱ አሥር ሰከንድ ተሰጥቶት በየሦስት ደቂቃው ተራው ይደርሰዋል። የጥሪ ምልክቱን በደቂቃ 22 ቃል ፍጥነት ይልክና አራት ረጃጅም ድምፅ ያስከትላል፤ የመጀመሪያው በ100 ዋት፣ የመጨረሻው በዋት አንድ አሥረኛ ነው። የሚልከው ኮምፒዩተር ስለሆነ ነጥቡም ሰረዙም በሚዛን የተለካ ነው። ሳጥናችን አንዱን ጣቢያ ሲያገኝ ፊደሉን እንደ ታይፕ ጸሐፊ ነው የሚያወርደው።

ችግሩ የሚመጣው አየሩ ሲረበሽ ነው። የሰፈራችንን አየር ታውቁታላችሁ። በዓይን የማይታይ ጫጫታ አለበት። የስልክ ቻርጀሩ፣ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖሉ፣ የቴሌቪዥን ሪሲቨሩ፣ ሁሉም ሬዲዮ ውስጥ ይንጫጫል። ሳጥኑ ደግሞ ጫጫታን ጫጫታ አይልም። አጭር ኳ ያለ ነገር ሁሉ ለእሱ ነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ «ኢ» ነው። ረዘም ያለው ሰረዝ ነው፤ ሰረዝ ደግሞ «ቲ» ነው። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይልክ ስክሪኑ «ኢ ኢ ቲ ኢ ቲ ቲ ኢ ቲ» እያለ ይሞላል።

አንድ ማታ የጋሼ የልጅ ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ይህን አየና ዘሎ ተነሳ። «አባባ! ኢ ቲ! ኢትዮጵያ ናት! ኢትዮጵያ እየጠራች ነው!» አለ። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ሳያዩ እጃቸውን ሬዲዮው ላይ አሳረፉ። «ኢትዮጵያ አይደለችም ልጄ፤ የጎረቤት አምፖል ነው» አሉት።

ሁላችንም ሳቅን። ቆይቶ ሳስበው ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አልሆነልኝም። መሣሪያው አልዋሸም፤ የገባውን በሕጉ መሠረት ነው የጻፈው። የጎደለው አንድ ቃል ብቻ ነው። «አልሰማሁም» የሚል ቃል በሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

መብራት የጠፋ ዕለት

መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ያጉረመርማል። እኛ ግን ተደስተን አናውቅም እንዳልል፣ አንድ ምሽት ተደስተናል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ መላው ሰፈር ድርግም ሲል በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ ውስጥ ያለው ጫጫታ አብሮ ጠፋ። አየሩ እንደታጠበ ሆነ። በ7 ሜጋ ኸርዝ ላይ አንድ ፉጨት ከሩቅ ብቅ አለ። በሻማ ብርሃን እኔ ስክሪኑን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ልጁ የስልክ መብራት ያዘልኝ።

ስክሪኑ የጻፈው ትርጉም የለውም። «ኤስ ቲ አይ ቲ» ይላል፤ እየደጋገመ «ኤስ ቲ አይ ቲ»። መሀል ላይ ደግሞ «ኢ ቲ» ጣል ያደርጋል። ልጁ እንደገና ተቁነጠነጠ፤ አሁንስ አምፖል የለም።

በዚህ ጊዜ ጋሼ ያደረጉትን አልረሳውም። የሬዲዮውን ማስተካከያ ትንሽ አዞሩና ፉጨቱን አወፈሩት። ቀጭኑ ድምፅ ወደ ጉርምርምታ ወረደ። የሬዲዮውን የፊት መሸፈኛ አስቀድመው አንስተውት ስለነበር ሁለት ጣታቸውን የስፒከሩ ወረቀት ላይ በስሱ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሌላኛው እጅ እርሳስ ያዙ። ጣት ወፍራም ንዝረትን በደንብ ይለያል። ጆሯቸው የከለከላቸውን ጣታቸው ሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ተፈጠረ። ድምፁ ለጋሼ ጣት ሲስማማ ለሳጥኑ አልስማማም አለ። ሳጥኑ የሚፈልገው ቀጭኑን ነው፤ እሳቸው ወፍራሙን። ስለዚህ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። አንዱ ሲሰማ ሌላው አይሰማም፤ ለሁለቱም የሚሆን ድምፅ አልተገኘም።

ጋሼ ግን እየጻፉ ነው። የላኪው የጥሪ ምልክት የሚጀምረው «ቪ ዩ» በሚሉ ፊደሎች ነበር፤ የህንድ መለያ ነው። በኋላ እንዳስረዱኝ ሰውየው የሚልከው በእጁ ነው፤ ከመጨረሻዋ ሰረዝ በፊት ትንሽ የመዘግየት አመል አለበት። «ቪ» ዲ ዲ ዲ ዳ ነው። ከዳው በፊት ከዘገየ ሳጥኑ ፊደሉ ያለቀ ይመስለውና ዲ ዲ ዲውን «ኤስ»፣ ብቻዋን የቀረችውን ዳ ደግሞ «ቲ» ይላታል። «ዩ» ዲ ዲ ዳ ናት፤ እሷም ለሁለት ተከፍላ «አይ ቲ» ትሆናለች። «ኤ» ዲ ዳ ናት፤ ስትከፈል «ኢ ቲ» ወጣች። ልጁ ያያት ኢትዮጵያ የአንድ ህንዳዊ የዘገየች «ኤ» ነበረች ማለት ነው። «ሰው በእጁ ሲልክ እንደ አነጋገር ነው» አሉኝ ጋሼ። «ሁሉም የራሱ ቅላጼ አለው። ሁለት ደቂቃ ከታገሥሽው አመሉን ታውቂዋለሽ።»

መብራት ሳይመጣ ወረቀቱን ተቀበልኳቸው። የጥሪ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ስሙም አለ፤ የአየሩ ሁኔታ፣ ሙቀቱ፣ ሁሉም አለ። የከተማው ስም ላይ ግን ሁለት ፊደል ብቻ ተጽፎ ቀሪው በአግድም ጭረት ባዶ ተትቷል። ድምፁ እዚያ ላይ ሰምጦ ነበር። ልጁ ወዲያው ስልኩን ከፍቶ የህንድ ከተሞችን ማየት ጀመረና «አባባ፣ ይሄ መሆን አለበት፤ በእነዚህ ፊደሎች የሚጀምረው ትልቁ ከተማ ይሄ ነው» አለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ የሰማሁት ሁለት ፊደል ነው። ሁለት ፊደል ከተማ አይሆንም።» ጭረቱ እንዳለ ቀረ።

ሦስት ዳ

ይህን ያህል ለምን እንደሚጠነቀቁ ጠየቅኳቸው። የማያውቁት ህንዳዊ ከየትኛው ከተማ እንደሆነ ቢገመት ማን ይጎዳል? ጋሼ ቡናቸውን ፉት አሉና አንድ ነገር አጫወቱኝ። እንደ ነገሩኝ አድርጌ ልጽፈው።

ጊዜው በ1970ዎቹ ነው፣ ምጽዋ። ሦስት ዓሣ አጥማጆች የወጡባት ጀልባ ሳትመለስ ቀረች። የሦስቱም ቤተሰብ ወደብ ላይ መጥቶ ቁጭ ብሏል። ማታ ላይ ፍለጋ ከወጡት መርከቦች አንዷ በሞርስ መልእክት መላክ ጀመረች። ጋሼ ተረኛ ነበሩ። ጀልባዋ ተገልብጣ መገኘቷን ተቀበሉ። «በሕይወት የተገኙ» የሚለውን ተቀበሉ። ቁጥሩ ላይ ሲደረስ ድምፁ ሰመጠ፤ ሲመለስ ሦስት ዳ ብቻ ሰሙ። ዳ ዳ ዳ። ከዚያ አየሩ ተዘጋ።

የሞርስ ቁጥር እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው። አንድ ማለት ዲ ዳ ዳ ዳ ዳ ነው። ሁለት ማለት ዲ ዲ ዳ ዳ ዳ ነው። ዜሮ ደግሞ አምስቱም ዳ ነው። ሦስቱም የሚያልቁት በሦስት ዳ ነው። መጀመሪያው ካልተሰማ በዜሮ፣ በአንድና በሁለት መካከል ልዩነት የለም።

ጋሼ ወረቀቱ ላይ ከ«በሕይወት የተገኙ» ቀጥሎ ጭረት አሰመሩ። ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ የለም። አለቃቸው መጥቶ አየውና «ሰዎቹ ውጭ ቁጭ ብለዋል፤ አንድ ነገር ልንላቸው ይገባል፤ ምን ይመስልሃል?» አላቸው። «የሚመስለኝ የለም፤ የሰማሁት ሦስት ዳ ነው» አሉ። ለቤተሰቡም የተነገረው ይኸው ነበር፤ ጀልባዋ ተገኝታለች፣ የተረፉትን ቁጥር አልሰማንም።

«ያቺን ሌሊት አብሬያቸው ነው ያነጋሁት» አሉኝ ጋሼ። «እናቶቹ ረገሙኝ። መስማት የማይችል ኦፕሬተር ለምን ያስቀምጣሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ መርከቧ ገባች። አንድ ልጅ ወረደ። አንድ።»

ትንሽ ዝም ብለው ቀጠሉ። «ዜሮ ብዬ ጽፌ ቢሆን የዚያ ልጅ እናት በሕይወት ላለ ልጇ ፀጉሯን ትነጭ ነበር። ሁለት ብዬ ቢሆን አንዷ እናት እስከ እኩለ ቀን በከንቱ ተደስታ ከዚያ ትወድቅ ነበር። የጻፍኩት ጭረት ነው። ጭረቱም ከብዷቸው ነበር፤ ግን የኔ አልነበረም፤ የባሕሩ ነው።»

ለእኛስ?

ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን፣ አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ዛሬ ቃለ መጠይቅ በስልክ እንቀዳለን። ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ አማርኛም ይሞክራሉ። ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን የመገልበጥ ሥራ በደቂቃ ይጨርሱታል። እኔም እጠቀማለሁ፤ ማንም በሰው ድካም አይደሰትም። ነገር ግን እነዚህም እንደ ጋሼ ሳጥን ናቸው። «እዚህ ላይ አልተሰማኝም» ብሎ ባዶ የሚተው ፕሮግራም እስካሁን አልገጠመኝም። ያልተሰማውን የሚመስል ነገር ፈልጎ ይሞላዋል፤ ዓረፍተ ነገሩም አምሮ ይወጣል። የሳጥኑ «ኢ ቲ ኢ ቲ» ቢያንስ ትርጉም እንደሌለው ይታያል። የፕሮግራሙ ግምት ግን ከእውነተኛው ንግግር ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው።

በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አፍራሹ የሚቀመጠው ግሡ መነሻ ላይ ነው። «አልከፈልኩም» ከሚለው ላይ የመኪና ጥሩምባ «አል»ን ከዋጠው የሚቀረው ወደ «ከፈልኩ» የሚጠጋ ነገር ነው። ሦስት ዳ ማለት ይህ አይደለም? መነሻው ጠፍቶ መድረሻው ብቻ ሲሰማ!

ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ የክፍል ሥራ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ጉሊት የሚሸጡ አንዲት እናት አነጋግሬ ነበር። ስለ እቁባቸው ሲያወሩ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋው። ፕሮግራሙ «ባለፈው ወር እቁቤን ጣልኩ» ብሎ ጻፈ። ቅጂውን ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት፤ ከጥሩምባው ሥር ምን እንዳለ አይለይም። ወረቀቴ ላይ ጭረት አሰመርኩና በማግሥቱ ተመልሼ ጠየቅኳቸው። «አልጣልኩም ልጄ፤ ከየት አምጥቼ» አሉኝ። ጽሑፌ ስለ እሳቸው ኑሮ ነበር። የዚያ ወር እቁብ አለመጣሉ ደግሞ ዋናው ወሬ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ያወሩኝ ሁሉ ከዚያች «አል» ነው የተመዘዘው። ፕሮግራሙን ብከተል ኖሮ ሴትየዋ ጋዜጣ ላይ ደልቷቸው ይታዩ ነበር።

መሣሪያን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምለው። ጋሼም ሳጥናቸውን አልጣሉትም። አሁን ሁለቱ ሥራ ተከፋፍለዋል። ማሽን የላከውን፣ ያን የ14.100 ዓይነቱን፣ ሳጥኑ ይጽፋል። ሰው በእጁ የላከውን ጋሼ በጣታቸው ይቀበላሉ። ጣታቸው የደከመ ዕለት ደግሞ «ዛሬ አልሰማሁም» ብለው ሬዲዮውን ይዘጉታል። ባለፈው ሳምንት የቀኝ ጆሯቸውም እየባሰበት እንደሆነ እትዬ ነግረውኛል። ጋሼ ራሳቸው ስለዚህ አያወሩም። እኔ ግን ፊደላቱን እየተማርኩ ነው፤ ቀስ ብሎ ከተላከ ከግማሽ በላይ እይዛለሁ። ወረቀቴን ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት የጻፍኩትን አይደለም። ጭረቶቼን ነው የሚቆጥሩት። ጭረት የበዛበት ቀን «ጎበዝ፣ አልፈጠርሽም» ይሉኛል። ከዲፓርትመንታችን ውጭ ያገኘሁት ትልቁ ማርክ ይህ ነው።

«ይሰማል» የሚለውን ቃል ተመልከቱት። ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ይሰማል ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ድምፁ ይሰማል ነው። ፊደሉ አይለያቸውም። የሚለየው የነበረው፣ ያዳመጠው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ የምንገለብጠው ቃለ መጠይቅ መሀል ላይ ያልተሰማ ቦታ ሲገጥመን ባዶውን ለመተው አንፈር። ባዶው ቦታ ነገ ተመልሰን የምንጠይቅበት አድራሻ ነው። የሞላነው ዕለት ግን የሚመለስበት የለም።

አማተሮቹ ሲሰነባበቱ «73» ብለው ይልካሉ፤ መልካም ምኞት ማለት ነው። ዳ ዳ ዲ ዲ ዲ፣ ዲ ዲ ዲ ዳ ዳ። እኛም በራሳችን ቋንቋ የቆየ ስንብት አለን፦

ቸር ወሬ ያሰማን!